ዝናብ የጠገበ በረዶ ላይ ስኪ መለማመድ

ኤፕሪል ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ስኪዬን፣ በረዶ ላይ የምንሸራተትባቸውን ሁለቱን ረጃጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች፣ መኪና ላይ ስጭን እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«በጠዋቱ የት ልትሄድ ነው?»

«ተራራ ልወጣ ነው እማዬ። ስኪ ልለማመድ።»

«አየሩስ እንዴት ነው?»

«እየዘነበ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንዴ! ታዲያ ዝናቡ በረዶውን አያቀልጠውም?»

ሳቅኩ። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሱን በደንብ እንደማላውቀው ገባኝ። ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። የዛሬው ማብራሪያም ከእሱ ይጀምራል።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። አሜሪካ፣ ሲያትል ለምንኖር ሰዎች ቅርቡ የስኪ ቦታ ስኖኳልሚ ፓስ ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ በአይ-90 አውራ ጎዳና ሲነዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመተላለፊያው ከፍታ 921 ሜትር ብቻ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተወልዶ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ተራራ ሳይሆን ቆላ ነው። በረዶ የሚያወርደው ግን ከፍታው ብቻ አይደለም። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር የካስኬድ ተራሮችን ሲወጣ ይቀዘቅዝና የያዘውን ሁሉ ያራግፋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ያለው የማውንት ቤከር ስኪ ቦታ በ1998–99 ወቅት 1,140 ኢንች በረዶ ወርዶበት የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። 29 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ይኸው አየር ትንሽ ሞቅ ካለ ግን በረዶ መሆኑ ይቀርና ዝናብ ይሆናል። ስኖኳልሚ ዝቅ ያለ ስለሆነ በወቅቱ ማብቂያ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የኛ «ክረምት» የዝናብ ወቅት ነው፤ የፈረንጁ ደግሞ የብርድ። እዚህ ቦታ ሁለቱም ትርጉም ልክ ነው። በረዶው ራሱ ከባድና ውሃ ያዘለ ስለሆነ የአካባቢው ሰው «የካስኬድ ኮንክሪት» ብሎ ይቀልድበታል።

«ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። የእሱ አገር አቋራጭ የሚባለው የስኪ ዓይነት ነው፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በጉልበት የሚኬድበት። የኔ በሊፍት፣ ማለትም ገመድ በሚጎትተው ወንበር፣ ወጥቶ ቁልቁል መውረድ ነው። በጉልበት ረገድ አይገናኙም።

ወደ እናቴ ጥያቄ እንመለስ። ዝናብ በረዶ ያቀልጣል? ያቀልጣል፤ ግን ከምትገምቱት በጣም ያነሰ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ውሃው 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ወደ 0 ዲግሪ እስኪወርድ 210 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ግን 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ሁሉ 10 ሊትር ዝናብ የሚያቀልጠው 600 ግራም ገደማ በረዶ ነው። ሜትሮች ውፍረት ላለው በረዶ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ዋናው በላተኛ ሌላ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ። እንጀራ ስትጋግሩ አከንባሎውን በቸልታ ብታነሡት እጃችሁን እንፋሎቱ ይለበልባችኋል አይደል? እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሲለወጥ ደግሞ የያዘውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ይጥላል። በኪሎ 2,500 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። በረዶም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። እርጥቡ አየር በረዶውን ሲነካ እንፋሎቱ ውሃ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ እንፋሎትም ከሰባት ኪሎ በላይ በረዶ የማቅለጥ አቅም አለው። ለዚህ ነው ነፋስና ጭጋግ ያለበት ሞቃት ቀን፣ ጸጥ ብሎ ከሚያካፋ ቀን ይበልጥ በረዶውን የሚጨርሰው። እኔም አሁን ትንበያ ሳይ ከዝናቡ መጠን በፊት ነፋሱን አያለሁ።

ታዲያ ዝናቡ ምን ያደርጋል? በረዶውን ከማጥፋት ይልቅ ጠባዩን ይለውጠዋል። ውሃው በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ይሰርጋል፤ ቅንጣቶቹን ያያያዛቸውን ድልድይ ያላላል፤ ሹል የነበሩትን ያድቦለቡላል። ባለሙያዎች በውስጡ ባለው ፈሳሽ ውሃ ይመድቡታል። ከ3 እስከ 8 በመቶ ከሆነ «እርጥብ» ይሉታል፤ ከ8 እስከ 15 ከሆነ «በጣም እርጥብ»፤ ከ15 በመቶ ካለፈ በውሃ የራሰ ነው። እኔ ለዚህ የመጨረሻው «ገንፎ» የሚል ስም አውጥቼለታለሁ። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ጭብጥ አድርጋችሁ መጠነኛ ጉልበት አሳርፉበት። ውሃ ጠብ ካለ 8 በመቶን አልፏል።

ሌላው ጉዳይ ሌሊቱ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እህል ውርጭ የሚመታው ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ነው፤ ደመና ካለ ገበሬው ተረጋግቶ ይተኛል። ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ መልሶ ያለብሳታል። በረዶም እንዲሁ ነው። በጸደይ ጥርት ካለ ሌሊት በኋላ በረዶው ጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ ረፋድ ላይ ከላይ ትንሽ ይለሰልስና ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ስኪ እንደ ቅቤ ይሄድበታል። ዝናባማ በሆነ ሳምንት ግን ደመናው ሌሊቱን ሙሉ ስለማይገለጥ በረዶው አይጠጥርም። በማለዳ መነሣት የሚጠቅመው ለፓርኪንግ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ በዝናብ ቀን ፓርኪንግም ሞልቶ ይተርፋል።

አሁን ወደ ስኪው ሥር እንውረድ። ስኪ ለምንድነው የሚንሸራተተው? «ክብደታችን በረዶውን ተጭኖ ስለሚያቀልጠው» የሚል መልስ ብዙ ሰምቻለሁ። ነገር ግን በረጅም ስኪ ላይ የተበተነ የሰው ክብደት ለዚያ አይበቃም። በ1939 ቦውደንና ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት ሰበቃ መሆኑን አሳዩ። ስኪው በረዶውን ሲታከከው ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱም በዓይን የማትታይ ስስ የውሃ ሽፋን ያወጣል። የምንሄደው በእሷ ላይ ነው።

በጣም ሲበርድ ሽፋኗ አትበቃም፤ ስኪው አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ይሆናል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ውሃው ይበዛል። የስኪውን ሥር ሙሉ በሙሉ ይሞላውና መምጠጥ ይጀምራል። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ስታነሡ እርጥብ የሆነው ማስቀመጫው አብሮ ተጣብቆ ተነሥቶ አያውቅም? ስኪውን የሚይዘው እሱ ነው። ለዚህም ነው የስኪ ሥር ላይ እንደ መኪና ጎማ ጥርስ ቀጫጭን መስመሮች የሚቀረጹት፤ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ። ለእርጥብ በረዶ የሚቀረጹት ጎላ ያሉ ናቸው።

የስኪው ሥር ላይ የሚቀባው ሰምም ይረዳል። ለዓመታት ውድድር ላይ ተፈላጊው ፍሎሪን ያለበት ሰም ነበር፤ ውሃን አጥብቆ ይገፋል። ችግሩ ኬሚካሉ በአፈርና በውሃ ውስጥ አይጠፋም፤ ለጤናም አይበጅም። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023–24 ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ ከልክሎታል። ለኛ ዓይነቱ ተራ ሰው ለሞቃት አየር የተሠራ ተራ ሰም በቂ ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው ምልልስ ላይ ይታወቃችኋል። ከሰም በላይ የሚያስፈልገው ግን ዓይን ነው። በወቅቱ ማብቂያ በረዶው የጥድ ቅጠል፣ የአበባ ብናኝና ቆሻሻ ስለሚሰበስብ ግራጫ ይሆናል። የቆሸሸው ቦታ ይይዛል። ነጩን እየመረጣችሁ ሂዱ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ ስኪው ሳይነግራችሁ ይዘገያል፤ እናንተ ግን አትዘገዩም። አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ስትሄዱ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ምን ይሆናል? ጉልበቱን ገትሮ የቆመው ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ላይ ይወድቃል። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ለስለስ አድርጎ፣ በሙሉ እግሩ የቆመው ይወዛወዝና ይመለሳል። ብዙዎቻችን ፍጥነት ስንፈራ ወደ ኋላ እንቀመጣለን፤ ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ። የስኪው ፊት ያን ጊዜ ይቀልና ገንፎው ወደፈለገበት ይወስደዋል። በጣም ወደፊት ብናዘነብል ደግሞ ስኪው በተያዘ ቁጥር በአፍጢማችን ነን። መካከሉን ማግኘት ነው ቁም ነገሩ፤ የታችኛው እግር ፊት የጫማውን ምላስ ሁልጊዜ መንካት አለበት፤ መደገፍ ግን የለበትም።

ጠንካራና የተስተካከለ በረዶ ላይ ይህን ሁሉ መደበቅ ይቻላል። እኔ ሁለት ዓመት ደብቄዋለሁ። እግሬን ጠምዘዝ፣ ተረከዜን ገፋ አደርግና ስኪው በጎኑ ተንሸራቶ ይዞራል። ከሩቅ ለሚያየኝ የምችል እመስላለሁ። ገንፎው ላይ ግን ስኪውን በጎኑ ስትገፉት ከባዱን በረዶ እንደ አካፋ ይሰበስባል። አይዞርም። ጉልበታችሁ ግን ይዞራል፤ አደጋውም እዚያ ጋ ነው። ያኔ ያላችሁ ብቸኛ ምርጫ ስኪውን በጠርዙ አጋድሞ፣ በራሱ ቅርጽ እስኪዞር መታገሥ ነው። ስኪ ወገቡ ቀጠን፣ ፊትና ኋላው ሰፋ ያለ ነው፤ ሲጋደምና ሲጫኑት ይታጠፋል፤ በታጠፈበት ልክ ይዞራል። በአብዛኛው ላዩ ላይ የመዞሪያ ራዲየሱ በሜትር ተጽፏል። የኔ 15 ይላል። ይህን ቁጥር ሳላስተውለው ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት።

የእግር ክብደት አከፋፈልም ይለወጣል። ጠንካራ በረዶ ላይ ስንዞር አብዛኛው ክብደት በውጭኛው እግር ላይ ያርፋል፤ ወደ ግራ ስትዞሩ ቀኙ ማለት ነው። እዚህ ግን የቀለለው የውስጥ እግር የመጀመሪያው ክምር ሲገጥመው መንገዱን ይስትና እግራችሁ እንደ መቀስ ይከፈታል። ስለዚህ እግሮቹን ጠጋ ጠጋ፣ ክብደቱንም ለሁለቱም ማካፈል ያስፈልጋል። የውጭው አሁንም ይበልጣል፤ ግን ብቻውን አይሠራም።

እንግዲህ ልምምዱ። በጣም ቀላል ተዳፋት ምረጡ። ጀማሪዎች የሚማሩበትን እንኳ ቢሆን አትፈሩ፤ በዝናብ ቀን የሚያያችሁ ሰው የለም።

እኔ የምወደው ዱካ ማንበብን ነው። በዝግታ እየወረዳችሁ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ወደ አንድ ጎን ብቻ ጋደም አድርጉ። አትጠምዝዙ። ስኪው ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ቁሙና ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ። እርጥብ በረዶ ዱካን እንደ ሊጥ ይይዛል። ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ ስኪው በጠርዙ ሄዷል። እንደ መጥረጊያ የጠረገ ሰፊ ዱካ ካያችሁ ገፍታችኋል። የኔ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዱካዎች ሁሉ ወደ ግራ ንጹሕ፣ ወደ ቀኝ ደግሞ የተጠረጉ ነበሩ። አንደኛው እግሬ እንደሚለግም የነገረኝ አስተማሪ ሳይሆን ዱካው ነው።

ሁለተኛው የውስጠኛውን ስኪ ጅራት ማንሣት ነው። እየዞራችሁ ሳለ ፊቱን በረዶው ላይ ትታችሁ ኋላውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ወደ ኋላ ተቀምጣችሁ ከሆነ አይነሣም፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ፈተና ነው። ገንፎ ውስጥ ስትዞሩ ክብደት ለሁለቱም እግር እንደሚካፈል ቀደም ብዬ ብናገርም፣ ይህ ሚዛንን መመርመሪያ እንጂ አካሄድ አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ተዉት።

ሦስተኛው የቡና ትሪ ነው። ስንወርድ በእጃችን የምንይዛቸውን ሁለቱን ዘንጎች አግድም አድርጋችሁ በሁለት እጅ ፊት ለፊት ያዙ፤ ስኒ የተደረደረበት ትሪ እንደምታቀርቡ። ከዚያ ውረዱ። ትሪው ካዘነበለ ትከሻችሁ አዘንብሏል፤ ወደ ሆዳችሁ ከቀረበ ወደ ኋላ ተቀምጣችኋል። እንግዳ ፊት ቡና አቅርቦ የሚያውቅ ሰው ይህን በአንድ ምልልስ ይይዘዋል።

በጎን መንሸራተት የሚባለውን የታወቀ ልምምድ ግን ዛሬ ተዉት። ለጠንካራ በረዶ ግሩም ነው፤ ገንፎ ላይ ከስኪው በታች በረዶ ይከመርና የታችኛው ጠርዝ ሲነክስ ቁልቁል ይጥላችኋል። ሞክሬዋለሁ። ጎኔ ለሦስት ቀን ያስታውሰኝ ነበር።

ልብስን በተመለከተ ጥጥና ጂንስ ቤት ይቅሩ። ውሃ የማያስገባ የሚባል ጃኬትም ከጊዜ በኋላ ይረታል፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ገፊ ቅባት ሲያልቅ ጨርቁ ይጠጣና ከውስጥ ላባችሁ መውጫ ያጣል። አጥቦ ቅባቱን ማደስ ነው መፍትሔው። ለእጅ እዚህ አገር የለመዱ ሰዎች የሚያደርጉት ያስቃል፤ ዓሣ አጥማጆች የሚለብሱትን የጎማ ጓንት ከሥሩ የሱፍ ጓንት አድርገው ያጠልቃሉ። ሳቅኩባቸው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ገዛሁ። የሊፍቱ ወንበር ውሃ ያዘለ ስለሆነ የምትቀመጡበት ላስቲክ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። መነጽራችሁን ከውስጥ በጓንት አትጥረጉ፤ በእንፋሎት እንዳይደበዝዝ የተቀባውን ትልጡታላችሁ።

አደጋውን ቀለል አድርጌ እንዳልተወው። እርጥብ በረዶ ስኪውን ይይዛል፤ ሰውነት ይቀጥላል፤ መካከል ላይ ያለው ጉልበት ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ባይንዲንግ በትክክለኛው ጊዜ እንዲለቅ በክብደታችሁ፣ በቁመታችሁ፣ በዕድሜያችሁ፣ በጫማችሁ ርዝመትና በችሎታችሁ ይስተካከላል። ባለሙያ ያስተካክለው። ችሎታን አጋንኖ መናገር እዚህ ጋ ዋጋ ያስከፍላል፤ ቶሎ የማይለቅ ያደርጉላችኋል። ከታጠረው ክልል ውጭ ደግሞ አትውጡ። ዝናብ በበረዶው ውስጥ ሲሰርግ ንብርብሩን ያላላና ሙሉ ዳገት ተነሥቶ ሊናድ ይችላል። በክልሉ ውስጥም ቢሆን በወቅቱ ማብቂያ ላይ በበረዶው ሥር የሚሄዱ ጅረቶች ይከፈታሉ፤ ጠቆር ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ካያችሁ ዙሩት። ጭናችሁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «አንድ ልጨምር» አትበሉ። ከባድ በረዶ ከምታስቡት ቀድሞ ያደክማል።

እኔ ሰባት ጊዜ ወርጄ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ የስኪውን የብረት ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ አበስኩ፤ እንዲሁ ከተዋችሁት በማግስቱ ዝጎ ታገኙታላችሁ። የጫማውን የውስጥ ሽፋን አውጥቼ ጋዜጣ ጠቀጠቅሁበት፤ ከማሞቂያው ግን አራቅሁት።

ማታ እናቴ መልሳ ደወለች። ስለ 10 ሊትሩ ዝናብ፣ ስለ እንፋሎቱና ስለ አከንባሎው አንድ በአንድ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስትጨርስ፣ «የእንፋሎቱንማ ሃምሳ ዓመት ስጋግር የኖርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ይልቅ በረደህ ወይ?»